ብሎኗ መጨረሻ ትነካ

ድሬዳዋ ላይ የቫልቭ፣ ማለትም በሚሞቁ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ፣ አምፕሊፋየር ያለው ሰው «ባያሱ ከፍ ብሎብኛል» ብሎ ሲያማክር፣ የባያሱን ብሎን ለማዞር ካቻቢቴ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። ስንት ሰዓት ላይ ነው የተለካው? በዚያ ሰዓት የግድግዳው ሶኬት ላይ ስንት ቮልት ነበር? እነዚህ ካልታወቁ ከቫልቩ የተነበበው ሚሊቮልት ብቻውን ምንም አይናገርም። ምሽት ላይ በጥንቃቄ የተስተካከለ አምፕሊፋየር፣ ሌሊቱ ገፍቶ ከተማው ሲተኛ ፕሌቱን ሊያቀላ ይችላል፤ ማንም ሳይነካው።

ባያስ ግሪዱ ላይ፣ ማለትም በቫልቩ ውስጥ በሚሞቀው ካቶድና ከረንቱን በሚቀበለው የብረት ፕሌት መካከል ባለው ወንፊት ላይ፣ የሚቀመጥ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ነው። ከካቶድ ወደ ፕሌት የሚሮጠውን ከረንት የሚይዝ ልጓም በሉት። ልጓሙ ሲላላ ከረንቱ ይበዛል («ባያሱ ከፍ አለ» የሚባለው ይህ ነው)፣ ፕሌቱ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ምልክት ይወጣል፤ ምልክቱ ከሰፋ ቫልቩ በደቂቃዎች ያልቃል፣ አንዳንዴም ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፈውን የአውትፑት ትራንስፎርመር ይዞ ይሄዳል። ልጓሙ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ነገር ግን ድምፁ ዝቅ ብሎ ሲደመጥ ሙዚቃው ይሻክራል። ዑድ እየሰማችሁ ከሆነ የክሩ ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ ጫፉ የተቀደደ ይመስላል። ከፍ ስታደርጉት ሻካራነቱ ይሸፈናል። ስለዚህ ቀዝቃዛ፣ ማለትም ከመጠን በላይ የጠበቀ፣ ባያስን በጆሮ የምትፈልጉት ድምፁን ቀንሳችሁ ነው።

እዚህ የምጽፈው ፊክስድ ባያስ ስለሚባለው ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ብሎን ያለውና የሚስተካከለው እሱ ነው። ካቶድ ባያስ የሚባለው ብሎን የለውም፤ ካቶዱ ላይ ያለችው ሬዚስተር ራሷ ትቆጣጠረዋለች። በአንድ ኢኤል84 ቫልቭ የሚሠሩ የድሮ ራዲዮኖች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ፕሌቱ 250 ቮልት ሆኖ ካቶዱ ወደ 7 ቮልት ሲያሳይ ጤነኛ ነው። 10 ወይም 11 ካሳየ ግሪዱ ላይ የማይገባው ቮልቴጅ እየደረሰበት ነው፤ አድራሹን ካፓሲተር በኋላ አነሳዋለሁ።

አሁን ወደ ሶኬቱ እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚያ ነውና።

ብዙ ሰው «ሶኬቱ ሲጨምር ፕሌቱም ይጨምራል፣ ኔጌቲቩም አብሮ ይጨምራል፣ ስለዚህ ይካካሳሉ» ብሎ ያስባል። ግማሹ እውነት ነው። ሁለቱም አንድ ትራንስፎርመር ላይ ስለሆኑ አብረው ይወጣሉ። ነገር ግን የቫልቭ ከረንት ቮልቴጁን እኩል ለእኩል አይከተልም፤ ከቮልቴጁ ፈጥኖ ያድጋል። ሁሉም ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲጨምር ከረንቱ ወደ 15 በመቶ ይጨምራል። ፕሌቱ ላይ በሙቀት የሚወጣው ዋት የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ወደ 27 በመቶ ይዘላል።

በቁጥር እንየው። ኢኤል34 የተባለው ቫልቭ ፕሌቱ ላይ የሚችለው 25 ዋት ነው። ማታ ማታ መንደሩ ሁሉ ማራገቢያ ሲያዞር ሶኬቱ 200 ቮልት ላይ ወርዷል እንበል። በዚያ ሰዓት ብሎኗን አዙራችሁ ቫልቩን በየመጽሐፉ በሚጻፈው 70 በመቶ፣ ማለትም በ17.5 ዋት ላይ አቆማችሁት። ሌሊት ሶኬቱ ወደ 235 ሲመለስ ያው ቫልቭ ከ26 ዋት በላይ እያወጣ ነው። ከአቅሙ አልፏል። ጠዋት ላይ «ቫልቩ አሮጌ ነበር» ይባላል፤ ቫልቩ ግን ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ የ70 በመቶው ወሰን መያያዝ ያለበት ቤታችሁ ከሚደርሰው ከፍተኛ ቮልቴጅ ጋር ነው። ለአንድ ሳምንት ጠዋት፣ ቀትር፣ ምሽትና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሶኬቱን ለክታችሁ ጻፉት። ከፍተኛው 240 ሆኖ ከተገኘ፣ ብሎኗን በምታዞሩበት ሰዓት ሶኬቱ 240 ካሳየ 70 በመቶ ላይ አቁሙት። 230 ካሳየ 63፣ 220 ካሳየ 56፣ 210 ካሳየ 50፣ 200 ካሳየ 44 በመቶ ላይ ማቆም ነው። ለኢኤል34 ይህ በቅደም ተከተል 17.5፣ 15.7፣ 14፣ 12.5 እና 11 ዋት ይሆናል። 44 በመቶ ያነሰ ይመስላል፤ ሶኬቱ ሲመለስ ግን ራሱ ወደ ቦታው ይወጣል።

ከዚህ ላይ የድሬዳዋን አየር ጨምሩበት። የጫት በርጫ የሚያዘው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሱቁ ተዘግቶ፣ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ባለው፣ ቀኑ በጣም በሚያቃጥልበት ጊዜ። ሙዚቃው ዝቅ ብሎ ለሰዓታት ይፈሳል። ዝቅ አድርጎ መስማት ቫልቩን የሚያሳርፍ የሚመስለው ብዙ ነው፤ አያሳርፈውም። በዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር ዝም ባለበት ጊዜ እንኳ ባያሱ የፈቀደው ዋት በሙሉ ፕሌቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ክፍሉ 36 ዲግሪ ሲሆን ከአምፕሊፋየሩ ሥር ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ከዚያ በላይ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በእኔ እምነት እዚህ አገር 70 በመቶ ጣሪያ እንጂ ዒላማ አይደለም። 60 ላይ የተቀመጠውን በጆሮ ከ70ው የሚለይ ሰው ጥቂት ነው።

መክደኛውን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ 450 ቮልት ሊቀመጥ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በሁለት በተሸፈኑ ሽቦዎች አስራችሁ አንዱን ጫፍ ከብረት አካሉ፣ ሌላውን ከትልቁ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ጋር ለአሥር ሰከንድ ያህል አገናኙ፤ ከዚያ በሜትሩ ከ10 ቮልት በታች መውረዱን አረጋግጡ። በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ የለም። በርቶ እያለ ስትለኩ ጥቁሯን ገመድ በቆንጣጭ ከብረቱ ጋር አያይዛችሁ በአንድ እጅ ብቻ ሥሩ። ስፒከር ወይም የ8 ኦም ትልቅ ሬዚስተር ሳይገጠም አይበራም፤ ያለ እሱ የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ይበላሻል።

መለኪያው ራሱ ደግሞ ይዋሻል፤ በሁለት መንገድ። ርካሹ ዲጂታል ሜትር ባትሪው ሲደክም ከፍ አድርጎ ማንበብ ይጀምራል፤ የሌለ ትኩስ ባያስ ያሳያችኋል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አዲስ የድንጋይ ባትሪ ለኩበት፤ ከ1.5 እስከ 1.6 ቮልት ካላሳየ የሜትሩን ባትሪ ቀይሩ። ባለ መርፌው ቴስተር ደግሞ በተቃራኒው ያሳስታል። በ50 ቮልት ሬንጅ ላይ አብዛኞቹ 1 ሜጋ ኦም ናቸው፤ ግሪዱ ላይ ያለችው ሬዚስተር 220 ኪሎ ኦም ከሆነች መርፌው ቮልቴጁን ራሱ ጎትቶ ያወርደዋል። እውነተኛው ኔጌቲቭ 38 ሆኖ ሳለ 31 ያነባል። ይህን አይቶ «ባያስ ጎድሏል» ብሎ ብሎኗን ያዞረ ሰው ጤነኛውን አጣመመው። ግሪድ ላይ በዲጂታል ሜትር ብቻ ለኩ።

ካቶዱ ላይ ለመለኪያ የምትገጠመው 1 ኦም ሬዚስተርም ትመርመር። በእሷ ላይ 1 ሚሊቮልት ማለት 1 ሚሊ አምፔር ነው። ቫልቭ አንድ ጊዜ ውስጡ ብልጭ ካለ ግን ትለወጣለች፤ 1.6 ኦም ከሆነች 35 ሚሊ አምፔሩ 56 ሆኖ ይታያል። አጥፍታችሁ በኦም ለኩ፤ መጀመሪያ ሁለቱን የሜትር ጫፎች አገናኝታችሁ የሚያሳየውን 0.2 ወይም 0.3 ኦም መቀነስ አትርሱ። አንዳንድ አምፕሊፋየር ላይ ደግሞ 10 ኦም ነው የተገጠመው፤ እዚያ 1 ሚሊ አምፔር 10 ሚሊቮልት ነው።

መለኪያው ከታመነ በኋላ አንዱ ቫልቭ 36፣ ጓደኛው 58 ካሳየ፣ አጥፍታችሁ አቀዝቅዛችሁ ቦታቸውን አለዋውጡ። ከፍተኛው ቁጥር ከቫልቩ ጋር ከተሻገረ ችግሩ ቫልቩ ነው። ቁጥሩ እዚያው የቫልቩ መሰኪያ ሶኬት ላይ ከቀረ ቫልቩ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ሥር ነው ያለው። ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ስንቱን ደህና ቫልቭ ከመጣል ያድን ነበር! ታይዋንም ሆነ ቀፊራ ገበያ ወርዳችሁ ሬዚስተርና ካፓሲተር ብትፈልጉ ተስፋ አለ፤ የተጣመረ የኢኤል34 ጥንድ ግን ከሩቅ የሚመጣና ውድ ነው።

ቁጥሩ የቫልቩ ሶኬት ላይ ሲቀር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኮፕሊንግ ካፓሲተሩ ነው። ከፊት ካለችው ትንሽ ቫልቭ ፕሌት፣ ከ200 እስከ 250 ቮልት ካለበት ቦታ፣ ሙዚቃውን ወደ ትልቁ ቫልቭ ግሪድ ያሳልፋል፤ ዲሲውን (ቋሚውን ቮልቴጅ) ግን ማገድ አለበት። ሲያረጅ በጥቂቱ ማሳለፍ ይጀምራል። ጥቂቷ ምን ያህል እንደሆነች ልብ በሉ። ግሪዱ ላይ 220 ኪሎ ኦም ካለ፣ 14 ማይክሮ አምፔር ብቻ ቢያንጠባጥብ ኔጌቲቩን በ3 ቮልት ያህል ያጎድለዋል። ያ በ250 ቮልት ሲታሰብ ካፓሲተሩ 18 ሜጋ ኦም ሆነ ማለት ነው። ነቅላችሁ በኦም ብትለኩት ደግሞ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ሜትሩ የሚሞክረው በጥቂት ቮልት ነውና፣ ማንጠባጠቡ የሚመጣው ግን ሙሉው ቮልቴጅ ሲያርፍበት ነው። በዚያ ላይ ሙቀት ያባብሰዋል። ጠዋት ደህና የነበረው ከቀትር በኋላ ይከዳል።

ስለዚህ በቦታው ሆኖ ነው የሚፈተነው። ትልልቆቹን ቫልቮች አውጡ፣ ትንንሾቹን ተዉ፣ አብሩ። ትልልቆቹ ሲወጡ የፕሌቱ ቮልቴጅ ከወትሮው ከፍ ስለሚል የፊልተር ካፓሲተሮቹ ላይ የተጻፈውን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ወደ 500 ቮልት የሚወጣ ከሆነ የ450ውን ካፓሲተር ለረጅም ጊዜ አታስጨንቁት። ከዚያ ኢኤል34 ሶኬት ላይ 5ኛውን እግር ለኩ፤ ግሪዱ እሱ ነው። ቀጥሎ 220 ኪሎ ኦሟ ሌላ ጫፍ ላይ፣ ባያሱ በሚመጣበት በኩል ለኩ። ቫልቭ ስለሌለ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። በሜትሩ ምክንያት የግማሽ ወይም የ1 ቮልት ልዩነት ቢታይ ምንም አይደለም። በባያሱ በኩል 38፣ በግሪዱ በኩል 34 ከሆነ ግን ካፓሲተሩ እያንጠባጠበ ነው። የፊልተር ካፓሲተሮቹ የሚችሉት ከሆነ ሃያ ደቂቃ ቆዩና ድገሙት፤ ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ጥርጣሬ አይኖርም። በ0.1 ወይም በ0.22 ማይክሮ ፋራድ፣ 630 ቮልት፣ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ቀይሩት፤ የነበረውን መጠን ጠብቁ፤ የአንዱ ጎን ከሄደ የሌላውም ይቀየር።

ሁለቱ እኩል ሆነው ሁለቱም ከጎደሉ፣ ወይም ቁጥሩ እየዘለለ ከሆነ ወደ ብሎኗ ራሷ እንመጣለን። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ ሲነሳ የሚገባው ደቃቅ አቧራ የማይደርስበት የለም፤ ክፍት በሆነች ፖቴንሽዮሜትር (ብሎኗ የምታዞራት ተስተካካይ ሬዚስተር) ውስጥ ደግሞ ተንሸራታቿን ከካርቦኑ ላይ ያነሳታል። ተንሸራታቿ ለአፍታ ስትነሳ ግሪዱ ልጓሙን ያጣል። አጥፍታችሁ፣ ቮልቴጁን አውርዳችሁ፣ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ማጽጃ ነፍታችሁ ሃያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዙሯት። ናፍጣና ጋዝ አይሆንም፤ ቅባቱ ይቀርና ሌላ አቧራ ይለጥፋል። ከመንካታችሁ በፊት የነበረችበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አንድ ጥሩ ማሻሻያም አለ፦ ከተንሸራታቿ ወደ ኔጌቲቩ ጫፍ 100 ወይም 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማሰር። ያኔ ተንሸራታቿ ብትነሳ እንኳ ባያሱ ወደ ከፍተኛው ኔጌቲቭ ይሄዳል፤ ሙዚቃው ይሻክራል እንጂ ቫልቩ አይቃጠልም። ሬዚስተሯ የማስተካከያውን መጠን በጥቂቱ ስለምትለውጥ ኋላ እንደገና መለካት ነው።

ኔጌቲቩ ከምንጩ ካነሰ ኤሲውን ወደ ዲሲ የምትለውጥ አንዲት ዳዮድና አንድ ወይም ሁለት ኤሌክትሮሊቲክ ናቸው የሚታዩት። ካፓሲተሩ ሲቀየር ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ቦታ አለች፤ እዚህ ፖዘቲቩ ነው ከብረት አካሉ ጋር የሚታሰረው። እንደ ልማድ ኔጌቲቩን ወደ ብረቱ ያደረገ ሰው ካፓሲተሩ አብጦ ይፈነዳበታል፣ ቫልቮቹም ያለ ልጓም ይቀራሉ። በድሮዎቹ ውስጥ በዳዮድ ቦታ የድሮው የሴሌኒየም ዓይነት ካለ በ1ኤን4007 ዳዮድ መተካት ይቻላል፤ ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ይላልና ከዚያ በኋላ ሁሉንም እንደገና ለኩ።

የቀሩት በአጭሩ። ሚሊቮልቱ ዜሮ ከሆነ የስክሪኗ (የቫልቩ ሁለተኛ ግሪድ) ሬዚስተር ተቃጥላ ተቆርጣለች ወይም ቫልቩ አልሞቀም። የቫልቩ ሶኬት እግር ላልቶ ከሆነ በቀጭን መርፌ፣ ጠፍቶ ባለበት፣ ጠበቅ አድርጉት። እጃችሁ ሲጠጋ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ አምፕሊፋየሩ ራሱን በራሱ እያናወጠ ነው፤ የግሪድ ሽቦዎቹን ከአውትፑት ሽቦዎቹ አርቁ። የግሪዷን 220 ኪሎ ኦም በትልቅ ሬዚስተር አትቀይሩ፤ ኢኤል34 በፊክስድ ባያስ ከ500 ኪሎ ኦም በላይ አይፈቀድለትም፣ 6ኤል6 ከ100 ኪሎ ኦም በላይ አይፈቀድለትም። ከዚያ ካለፈ ቫልቩ ሲሞቅ ከግሪዱ የምትወጣው ኢምንት ከረንት ልጓሙን ታላላለች፣ ልጓሙ ሲላላ ይበልጥ ይሞቃል፣ እንዲህ እያለ ራሱን ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው ካቻቢቴው የሚነሳው፤ ጫፉ ብቻ ብረት የሆነ፣ ቀሪው ፕላስቲክ። ብሎኗን ወደ ከፍተኛው ኔጌቲቭ አድርሱ፣ ቫልቮቹን ግጠሙ፣ የድምፁን ማዞሪያ ዜሮ አድርጉ። ጥገና የተደረገበት ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበራው ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት የክር አምፖል በመብራት ገመዱ ላይ በተከታታይ ታስሮ ነው፤ ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሠራም። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ አጥፉ፤ ሾርት አለ። ደብዝዞ ከተረጋጋ አምፖሉን አውጥታችሁ በቀጥታ አብሩ፤ አምፖሉ እያለ ባያስ አይለካም።

ሶኬቱን ለኩ፤ 230 ነው እንበል። የፕሌቱን ቮልቴጅ ለኩ፤ 460 ነው። ከላይ ባለው ስሌት ዒላማው 15.7 ዋት ነው፤ ለ460 ሲካፈል 34 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ካቶዱ ላይ የሚለካው የስክሪኑንም ስለሚጨምር 4 ወይም 5 ደምሩበት፤ ሚሊቮልቱ 38 ወይም 39 ላይ ይቁም። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ 30 አምጧቸው፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አንዱን ወደ 38፣ ሌላውን ወደ 38። ሁለተኛውን ስትጨምሩ የፕሌቱ ቮልቴጅ ስለሚወርድ የመጀመሪያው ይንቀሳቀሳል፤ ተመልሳችሁ ንኩት። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሶኬቱንም ባያሱንም እንደገና ለኩ። በጥንዶቹ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ አምፔር ልዩነት ችግር የለውም፤ ከ5 ሲያልፍ ቤዙ ይሰንፋል፣ ስፒከሩ ውስጥም እምምም የሚል ድምፅ ይነሳል።

ስታቢላይዘር ካላችሁ የሚለካው ከእሱ የሚወጣው ነው። ቀጭ የሚለው ዓይነት በአንድ ቀጭታ ከ10 ቮልት በላይ ሊዘል ይችላል፤ ቀጭ ካለ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳትጠብቁ ቁጥር አታንብቡ። መብራት ሄዶ በኢንቨርተር ወይም በትንሽ ጄኔሬተር እየሠራችሁ ከሆነ ብሎኗ አትነካ። የፕሌቱን ቮልቴጅ የሚወስነው የሞገዱ ጫፍ ነው፤ የርካሽ ኢንቨርተር ሞገድ ደግሞ ቅርጹ ሌላ ስለሆነ ሶኬቱ ላይ የምታነቡት ቁጥርና ፕሌቱ የሚደርሰው አይጣጣሙም።

መክደኛው ከመዘጋቱ በፊት በጀርባው ወረቀት ይለጠፍ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሶኬቱ ቮልት፣ የፕሌቱ ቮልት፣ የየቫልቩ ሚሊቮልት፣ የግሪዱ ኔጌቲቭ። ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ሶኬቱ ያንኑ 230 በሚያሳይበት ሰዓት ትለካላችሁ። ሁለቱም ቫልቮች አብረው ከ38 ወደ 45 ከወጡ ወደ ኔጌቲቩ ምንጭ ሂዱ፤ ዳዮዷና ኤሌክትሮሊቲኩ ይታዩ። አንዱ ብቻ ከወጣ አለዋውጣችሁ ሞክሩ፤ ቁጥሩ እዚያው የቫልቭ ሶኬት ላይ ከቀረ የዚያ ጎን ኮፕሊንግ ካፓሲተር ነው። ሁለቱም ቀስ ብለው ከ38 ወደ 33 ከወረዱ፣ የፕሌቱም ቮልት የግሪዱም ኔጌቲቭ ወረቀቱ ላይ ካለው ካልተለወጡ፣ ቫልቮቹ እያረጁ ነው፤ ያኔ ብሎኗን በጥቂቱ አዙራችሁ አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ሥር ጻፉት።